ከሁለተኛው ቢጫ ክር በታች

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት በእጄ ያለውን ንብረት ለማስረከብ ወደ መጋዘን ሄድኩ። ያስረከብኩት አንድ ሳጥን ነው። ውስጡ የውሃ መለኪያ መሣሪያ አለ፤ ቁጥር የሚያሳይ በእጅ የሚያዝ ሰሌዳ፣ ረጅም ኬብል፣ በኬብሉ ጫፍ ደግሞ ፕሮብ የምንለው ክንድ የሚያህል ብረት። ፕሮቡ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ላይ ያሉት ሴንሰሮች በውሃው ውስጥ የሟሟውን ይናገራሉ፤ ጨዉን፣ ኦክስጅኑን፣ አሲዱን፣ ሙቀቱንም። በኬብሉ ላይ በየአሥር ሜትሩ ክር ታስሯል። ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ እንደገና ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቀይ። ዱንጉዛ ከሚባለው ባለ ሦስት ቀለም የወላይታ ሽመና የተረፈ ክር ነው።

ንብረት ተረካቢው ኬብሉን እየጎተተ ተመለከተው።

«ይሄ ምንድነው እትዬ?»

«ጥልቀት ማወቂያ ነው።»

«የንብረት ሞዴሉ ላይ የለም።»

ከመሳቢያው ምላጭ አወጣና ክሮቹን አንድ በአንድ እየቆረጠ ወለሉ ላይ ጣላቸው። ቀጥሎ ፕሮቡ ጫፍ ላይ ያለውን ቆብ አወለቀና ውስጡ ያለውን ፈሳሽ በመስኮት ደፋው። ያ ፈሳሽ ሴንሰሩ እንዳይደርቅ የሚቀመጥ ነው።

«ከደረቀ ይሞታል» አልኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ ጡረታ ወጡ እኮ። አሁን ይረፉ።»

ጎንበስ ብዬ ክሮቹን ለቀምኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ፈርሜ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ስላላረፍኩ ነው።

የተወለድኩት ሶዶ ነው። አያቴ ከሰሜን በጸሐፊነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ወላይትኛውን ያስተማረኝ ጎረቤትና ገበያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ በውሃ ቢሮው ላቦራቶሪ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ጠርሙስ የሚያጥብ ሰው ደመወዝ ነበር። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ከጠርሙሱ ያወጣኝ ጋሽ ዳና ነው። የላቦራቶሪው የመስክ ቴክኒሽያን ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው። አንድ ቀን ያጠብኩትን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና «ስንት ጊዜ አለቀለቅሽው?» አለኝ። «ንጹሕ እስኪሆን» አልኩ። «ይሄ ለቤት ነው» አለ። «ለእኛ ንጹሕ አይበቃም። ጠርሙሱን ልትለኪው በሄድሽው ውሃ ራሱ አለቅልቂው። ትናንት የነበረበትን ይርሳ።» በማግሥቱ ከእሱ ጋር መስክ እንድወጣ አስጻፈኝ።

መሣሪያው ገና አዲስ በመጣ ጊዜ በኬብሉ ላይ የታተመው የሜትር ቁጥር በአንድ ክረምት ተፋቀ። ጋሽ ዳና ሚስቱ ከምትሸምነው ዱንጉዛ የተረፈ ክር አምጥቶ አሰረበት። ክሩ ሲረጥብ እንዳይንሸራተት በሰም ያጠብቀዋል። ኬብሉን ሲያወርድ በክርኑና በአውራ ጣቱ መካከል እያጠማዘዘ ነው፤ አይጥለውም፣ ለውሃው ያስረክበዋል። በየክሩ ላይ ይቆማል። ከዚያ ዝም ይላል። በዙሪያው የቆመ ሰው ካወራ በእጁ ምልክት ያስቆማል። ቁጥሩ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ላይ ይላል፣ ወደ ታች ይላል። ጋሽ ዳና ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ ዓይኑን አያነሳም።

«የሚንቀጠቀጥ ቁጥር የሚናገረው ስለ ውሃው አይደለም» ይለኝ ነበር። «ስለ አንቺ ችኮላ ነው።»

ኬብሉ ለምን እስከ ታች መውረድ እንዳለበት የገባኝ ሃላሌ ከተማ ተመድበን በሠራንበት ጊዜ ነው። ከከተማዋ ቁልቁል ለዓሣ ተብላ የተገደበች ጥልቅ ኩሬ ነበረች። አንድ ጠዋት ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። የኩሬዋ አዋሳኝ የሆነ ገበሬ የፀረ ተባይ መርጫውን እዚያ ሲያጥብ ታይቷል ተባለና ታሰረ። እኛ ከመድረሳችን በፊት ሌላ ባለሙያ መጥቶ ከዳር ቆሞ ፕሮቡን ነክሮ «ኦክስጅን በቂ ነው፣ እንግዲህ መርዝ ነው» ብሎ ሄዷል። ጋሽ ዳና ታንኳ አስመጣ። መሐል ላይ ደርሰን ኬብሉን አወረደ። ጥቁሩ ክር ውሃ ውስጥ ሳይጠልቅ ቁጥሩ ወደቀ። ከታች ያለው ውሃ ሕይወት የሌለው፣ ኦክስጅን ያለቀበት ነበር። በዋዜማው ከባድ ነፋስ ነፍሶ ያንን ውሃ ወደ ላይ ገልብጦታል፤ ዓሦቹ ታፍነው ነው የሞቱት። ገበሬው ተፈታ። እኛን ለማመስገን መጥቶ ጋሽ ዳናን «ምን አየህ?» ሲለው፣ «ምንም። ያኛው ሰውዬ የቆመው ዳር ላይ ነው፣ እኔ መሐል ገባሁ» አለው። ስለ ሥራው ከዚህ የበለጠ ሲኩራራ ሰምቼው አላውቅም።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ።

በሁምቦ ቆላ አንዲት ቀበሌ አለች። ስሟን አልጽፈውም፤ እዚያ ያሉት ልጆች ገና የሚያገቡ ናቸው። ሰዎቹ የሚጠጡት ከብት ከሚገባበት ኩሬ ነበር። በክረምት ሕፃናት በተቅማጥ ይሞታሉ፣ በበጋ ኩሬው ራሱ ይሞታል። ጥልቅ ጉድጓድ ሊቆፈርላቸው ሲፈቀድ ሕዝቡ መንገዱን በእጁ ጠርጎ ማሽኑን ተቀበለ። ቁፋሮው ሲያልቅ፣ ፓምፕ ከመግባቱ በፊት፣ እኔና ጋሽ ዳና ልንለካ ተላክን።

ውሃው የተገኘው ከመጀመሪያው ቢጫ ክር ብዙም ሳይርቅ ነው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ሁለተኛው ቢጫ፤ ቁጥሩ እንደተኛ ነው። ጨዉ ትንሽ፣ ሙቀቱ ለዘብ ያለ። ሁለተኛው ቢጫ ካለፈ በኋላ ጋሽ ዳና ገና ቀዩ ላይ ሳይደርስ ቆመ። የጨዉ ቁጥር ዘለለ። ሙቀቱም አብሮ ወጣ። ጠበቅን። ረጋ፣ ግን እላይ ሆኖ ረጋ። ኬብሉን አውጥተን እንደገና አወረድን፤ ያው ነው። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ውሃ ተኝቷል፤ ከላይ ጤነኛው፣ ከታች ደግሞ ከምድር ሆድ በሙቀት የሚገባው።

ከሁለቱም ጥልቀት ውሃ ቀዳን። ፍሎራይድን የምንለካው በቀይ ፈሳሽ ነው። ንጹሕ ውሃ ላይ ሲጨመር ቀይነቱ ይቆያል፤ ፍሎራይድ ካለ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የደበዘዘውን ያህል ትንሿ መሣሪያ ታነበዋለች። የላይኛው ቀይ እንደሆነ ቀረ። የታችኛው ዓይናችን እያየ ነጣ። ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ምን እንደሚያደርግ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ሰው አይነገርም፤ ሕፃናት በዚያ ውሃ ካደጉ ጥርሳቸው በልዞ ይወጣል፣ አይታጠብም፣ አይለቅም። ዓመታት ሲቆይ አጥንት ውስጥ ይገባል።

ጋሽ ዳና የጻፈው አጭር ነው፤ የጉድጓዱ የታችኛው ክፍል በጠጠርና በሲሚንቶ ይደፈን፣ ፓምፑም ከዚያ በላይ ይቀመጥ። ይዘን ወደ አለቃችን ሄድን። አለቃችን አቶ መስፍን ይባላል። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ፈጣን፣ የተማረ፣ ሰው የሚወድ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆንና ብገልጸው ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም።

«ጋሽ ዳና፣ የላይኛው ውሃ ብቻውን ስንት ቦኖ ይችላል?» አለ።

«አንድ። ቢበዛ ሁለት።»

«ቃል የገባነው ለሦስት ቀበሌ ነው።»

«ሁለት ቀበሌ ይጠብቅ።»

«እስከ መቼ? እየጠበቁ ምን ይጠጡ? ኩሬውን? በኩሬው የሚሞት ሕፃን አለ ጋሽ ዳና። ጥርስ ስለበለዘ ግን የሞተ ሰው አላየሁም።»

«ጥርሱ በራፉ ነው ልጄ። ገብቶ አጥንት ላይ ይቀመጣል።»

«ማጣሪያ እናስገባለን። በሚቀጥለው በጀት።»

ማጣሪያ አልገባም። ይህንን እዚህ ላይ ልናገርና ልገላገለው።

ለርክክቡ ናሙና ያስፈልግ ነበር። ናሙናው ፓምፕ ሳይገባ፣ ጠርሙስ በሲባጎ ታስሮ፣ ከጉድጓዱ አናት ተቀዳ። ውጤቱ ጥሩ ሆነ። እንዴት ጥሩ አይሆን? የላይኛው ውሃ ነው። ከዚያ ፓምፑ ከሁለተኛው ቢጫ አልፎ እስከ ሦስተኛው ቢጫ ወረደ። ወረቀቱ «ውሃው ተለክቷል» ይላል። እስከ ዛሬ ያንን ቃል ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ወረቀቱ ላይ አንድም ውሸት የለም። የት ላይ እንደተለካ ብቻ አይናገርም። ደንቆሮ ቢያደርገው ኖሮ ይቅር እል ነበር፤ ያደረግነው ግን ሁላችንም እያወቅን ነው። አቶ መስፍን ያውቃል፣ የቁፋሮው ኢንጂነር ያውቃል፣ ናሙና የቀዳው ያውቃል።

ለሕዝቡ አልነገራችሁም ወይ የሚል ይኖራል። ጋሽ ዳና ሽማግሌዎቹን ዛፍ ሥር ሰብስቦ በወላይትኛ ነግሯቸዋል። በትህትና አዳመጡት። ከሴቶቹ መሐል አንዲት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴትዮ ብድግ አለች። ቁፋሮው ሲያልቅ ለሙከራ ከወጣው ውሃ ቀድታ ቤቷ ሞክራዋለች።

«ሎኦ ሃታ!» አለች፤ ጥሩ ውሃ ማለቷ ነው። «ሳሙና ነካ ስታደርገው አረፋው እስከ ክንድ ይመጣል። ቦሎቄ አፍታም አይቆይ፣ ይበስላል። መርዝ ቢሆን ቦሎቄ ያበስላል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ደግሞ ያየችውን ነው የተናገረችው። ፍሎራይድ የሚበዛበት ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው፤ ሳሙና ይወዳል፣ እህል ያበስላል፣ ሲጠጡት አይጎረብጥም። በኩሬ ውሃ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ያጠበች ሴት ያንን አረፋ አይታ ተዪው ብትባል እንዴት ትሰማለች?

የምረቃው ቀን በሬ ታረደ፣ ተጸለየ፣ ተዘመረ። አቶ መስፍን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለሁሉም እያሳየ ጠጣ። ብርጭቆው እየዞረ ጋሽ ዳና ጋ ደረሰ።

«ጾም ላይ ነኝ» አለ።

ጋሽ ዳና ፕሮቴስታንት ነው፤ ቀኑም ሐሙስ ነበር። አቶ መስፍን ከት ብሎ ሳቀ።

«እናንተ ደግሞ ሐሙስን መጾም መቼ ጀመራችሁ?»

«ዛሬ።»

ብርጭቆው እኔ ጋ መጣ። እኔም ጾም ላይ ነኝ አልኩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ «ነፍሰ ጡሯ ትቅደም» አሉ። አንዲት ወጣት ሴት ሆዷ ገፍቶ ጀሪካኗን ይዛ መጣች። ማርታ ትባላለች። እኔን አልፋ ስትሄድ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ፣ አደከምናችሁ» አለችኝ። ጋሽ ዳና ፊቱን ወደ ኮረብታው አዞረ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሄዱ። ጋሽ ዳና ጡረታ ሲወጣ መሣሪያውን ለእኔ አስረከበ፤ ያኔ ክሮቹን የቆረጠ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በቀብሩ ላይ አቶ መስፍን ከልቡ አለቀሰ፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። እኔ ብቻዬን ከወረዳ ወረዳ እየዞርኩ ለካሁ። ስለዚያች ጉድጓድ በስብሰባ ላይ በተነሣሁ ቁጥር «እትዬ አስናቀች ደግሞ ጀመረች» ይባላል። ማጣሪያው በሚቀጥለው በጀት ነው።

አንድ የገበያ ቀን ከመስክ ስመለስ መኪናችን ተበላ ከተማ ላይ ጎማ ፈነዳባት። ሳጥኑን አጠገቤ አድርጌ አንድ ሱቅ በራፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴት ቦይና የሚባለው ሥራሥር የተሞላ ቅርጫቷን አውርዳ ፊቴ ቆመች። ጀርባዋ ላይ ጨቅላ አዝላለች፤ አጠገቧ ደግሞ አንዲት ልጅ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ።

«ይሄ ነው መሣሪያው?» አለችኝ በወላይትኛ።

«አዎ።»

«ያኔ ወደ ጉድጓዳችን ያወረዳችሁት?»

ያኔ ነው ያወቅኳት። ማርታ ናት። አንቱታውን ትታዋለች። ልጅቷን በክንዷ ስባ ወደ እኔ አቀረበቻትና ነጠላዋን ከፊቷ ገፈፈች። ከዚያ በአውራ ጣቷ የልጅቷን የላይኛ ከንፈር ከፍ አደረገችው፣ የፈረስ ጥርስ እንደሚታይ።

«ይሄንንም ለኪው» አለች።

ጥርሶቿ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ነበሩ። ልጅቷ አልታገለችም። ዓይኗን ብቻ ጨፈነች። ሰው ቆሞ ያይ ነበር።

«ተያት» አልኳት።

«ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ አትመልስም። መዝሙር ትታለች። መምህሯ ደደብ ናት አለኝ። ደደብ አይደለችም፤ አፏን መክፈት ነው ያልፈለገችው።» ጀርባዋ ላይ ያለውን ጨቅላ በአገጯ አመለከተች። «ይሄኛውስ?»

የቋሚ ጥርስ ነገር የሚወሰነው በሕፃንነት፣ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ለልጅቷ ያለፈ ነው። ለጨቅላው ግን ገና ነበር። ይህንን ነገርኳት። ማርታም አልጮኸችም። «እንግዲያው ፓምፑን ከፍ አድርጉት» አለች። ነገሩ ያን ያህል ቀላል እንደሆነ ከማንም ቀድማ የተናገረች እሷ ናት።

ፓምፕ ካልወጣ ግን ምንም አይሠራም። ከገባ ቧንቧው ጉድጓዱን ይይዘዋል፣ ፕሮብም በወጉ አይወርድም። ለማውጣት ደግሞ ሰበብ ያስፈልጋል። ሰበቡ የመጣው ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ፓምፑ ተቃጠለ። ታደለ የሚባል መካኒክ ከነሠራተኞቹ አዲስ ፓምፕ ይዞ ሊወርድ መሆኑን ስሰማ ሳጥኑን ይዤ ማንም ሳያዘኝ መኪናው ላይ ወጣሁ።

«እትዬ፣ እርስዎ ምን ሊያደርጉ?» አለ ታደለ።

«ልለካ።»

«ተለክቷል እኮ!»

ሳጥኑን ጭኔ ላይ አስተካከልኩ።

ስንደርስ ቦኖው ደርቆ ሴቶች በጀሪካን ላይ ተቀምጠዋል። ታደለና ሰዎቹ ባለ ሦስት እግሩን ብረት ተክለው የተቃጠለውን ፓምፕ አወጡ። ጉድጓዱ አፉን ከፈተ። እኔ ፕሮቡን አዘጋጀሁ። ማርታን ጠርቼ ሰሌዳውን ሰጠኋት፤ ቁጥር ታነባለች። ኬብሉን እንዲይዝልኝ ሰው ስፈልግ ያቺ ሳቂታ ሴትዮ፣ የሳሙናዋ፣ መጣች። አርጅታለች፣ ሳቋ ግን አላረጀም።

«እኔ ልያዘው። ውሃዬን ስታሚ አጠገብሽ ልሁን።»

«ክሩን እያየሽ ቀለሙን ንገሪኝ» አልኳት።

«ዱንጉዛ አስተማርሽኝ!» አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ።

«ጥቁር» አለች። «ቢጫ።» ፕሮቡ ውሃ ነካ። ማርታ ቁጥሩን ልትናገር ስትል በእጄ አስቆምኳት። ጠበቅን። ረጋ። አነበበች። «ቀይ።» ማርታ አነበበች፤ ያው ነው። «ጥቁር።» ያው ነው። «ቢጫ።» ያው ነው። ከዚያ ትንሽ አወረድን።

ማርታ ሰሌዳውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ተበላሸ» አለች።

«ምን ይላል?»

ነገረችኝ። ቁጥሩ ዘሏል። ጠበቅን፣ ጠበቅን። ቁጥሩ እዚያው ረጋ። ሙቀቱም ወጥቷል።

ከሁለቱ ቦታ ውሃ ቀድቼ በሁለት ብልቃጥ አደረግኩ። ቀዩን ፈሳሽ ጨመርኩ። አንዱ ቀይ ሆኖ ቀረ። ሌላው ነጣ። የሳሙናዋ ሴትዮ ሁለቱንም ብልቃጥ ተቀብላ ወደ ፀሐይ ያዘቻቸው።

«ይሄኛውን ቀለሙን ምን በላው?»

«ፍሎራይድ። ቦሎቄያችሁን ቶሎ በሚያበስለው ውሃ ውስጥ ያለው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም። ዘወር ብላ ያየችው ጥላ ሥር የቆሙትን ልጆች ነው፤ አፋቸውን በእጅ፣ በነጠላ፣ በደብተር የሸፈኑትን። ከነሱ አንዱ የልጅ ልጇ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

ታደለ ለአቶ መስፍን ደወለ። አቶ መስፍን ተለቅ ያለ ወንበር ላይ ነው አሁን። ታደለ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

«እትዬ አስናቀች፣ ምን ቀረሽ? በክብር ውጪ እንጂ።»

«ፓምፑ ከሁለተኛው ቢጫ በላይ ይሁን።»

«ሁለቱን ቀበሌ አድርቄ ማን ፊት ልቁም?»

«ማጣሪያው የት አለ?»

«ለታደለ ስጪው» አለ። ታደለ ሰምቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ መሬት መሬት እያየ «እንደ በፊቱ ይግባ ተብሏል» አለ።

ቧንቧዎቹ ተደርድረው መሬት ላይ ተኝተዋል። ፓምፕ የሚወርደው በነሱ ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው በጥርሱ እየተጋጠመ፣ እየተቀጠለ። ማርታ ጨቅላዋን እንዳዘለች ሄዳ ቧንቧዎቹ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከተሏት። የሳሙናዋ ሴትዮ መጨረሻ ላይ መጣችና መሐል ላይ ዘፍ አለች።

«ተነሺ እንጂ እናቴ» አለ ታደለ።

«ከቻልክ አንሣኝ። ሦስት ሰው ይዘህ ና።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ታደለም መሳቅ ጀምሮ ተወው። ወንዶቹ መጡ፤ «ከብቶቹስ?» አሉ። ማርታ «ከብት ኩሬው ይብቃው፤ ጥርሱን የሚያይበት የለም» አለቻቸው። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ «ሁለቱ ቀበሌ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ምን እንበላቸው?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። «ለመጠጥ የሚሆነውን ብቻ ይቅዱ፣ ወረፋ እንጋራለን» አለች የሳሙናዋ ሴትዮ። መልስ አልነበረም፤ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ከተነገረው ሁሉ ለመልስ የቀረበው ይሄ ነው።

ታደለ ወደ እኔ ቀረበ። «እትዬ፣ እኔ ልጅ አለኝ፤ ይገባኛል። ግን ከፍ ባደርገውም ታችኛው እየተሳበ ይወጣል። መደፈን አለበት። ሲሚንቶ የለኝም።»

«እኛ አለን» አለች ማርታ።

ለጸሎት ቤቱ ግንባታ የተጠራቀመ ሲሚንቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገብተው ተነጋገሩ፣ ጸለዩ፣ ወጡ። ከረጢቶቹ በጋሪ መጡ። ጠጠሩን ሴቶቹ ከደረቀው ወንዝ በቅርጫት አመጡ። ታደለ በኬብሌ ክር እየለካ ጉድጓዱን ከታች እስከ ሁለተኛው ቢጫ ድረስ ደፈነው። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ቀናት ቆየን። ሴቶቹ ቧንቧዎቹን በተራ እየጠበቁ ነበር። ፓምፑ ሊገባ ሲል አንድ በአንድ አቀበሉ፤ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን። ልኩ ሲደርስ የቀሩት ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። መጀመሪያ የወጣውን ደፋነው፣ ጥርት እስኪል ጠበቅን። ከቦኖው ቀዳሁ። ብልቃጡን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩ። ቀዩን ጨመርኩ። ቆምን። ቀይ ሆኖ ቀረ።

አንድ ኩባያ አምጡልኝ አልኩና ጠጣሁ። በሥራ ዘመኔ ሙሉ በምረቃ ላይ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። ከጋሽ ዳና የወረስኩትን ጾም የፈታሁት ያን ቀን ነው።

ስመለስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቀኝ። ወር ሳይሞላ ደግሞ የስንብት ዝግጅት ተደረገልኝ። አቶ መስፍን ጋቢ አለበሰኝና «የወላይታን ውሃ የለካች እናታችን» አለ። አጨበጨቡ። ቀጥሎ መጋዘኑ ነው፤ የቀረውን ተናግሬአለሁ። ሌሎቹ ጉድጓዶች ላይ ማን ኬብል እንደሚያወርድ አላውቅም። ሴንሰሩ ደርቋል።

በቅርቡ በራሴ ገንዘብ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ከተበላ ከተማ ወዲያ ደግሞ በጋሪ ወደ ቀበሌዋ ሄድኩ። የተረፉት ቧንቧዎች አሁን የወረፋ መቀመጫ ሆነዋል። ወረፋው ረጅም ነው። ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለች፣ ከሌላው ቀበሌ የመጣች የማላውቃት ሴት ታማርራለች። «አንዲት የሶዶ አሮጊት ናት አሉ ፓምፑን ያሰቀለችው። እዚህ ስንውል፣ እሷ ቤቷ ቁጭ ብላ። እግሯ ይሰበር።»

«አሜን» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? የሁለቱን ቀበሌ ወረፋ ማሳጠር የነበረበት ሰው አዲስ ወንበር ላይ ነው።

የማርታ ልጅ ጀሪካኗን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋ አፏ ላይ ነው። ቦርሳዬን ስከፍት ክሮቹን አየቻቸው።

«ምንድናቸው?»

የመሣሪያው እንደሆኑ ነገርኳት። ቀለማቸውን በተራ ጭኔ ላይ ደረደርኩላት፤ ውሃው የት ላይ እንደሚጀምር፣ ጥሩው የት ላይ እንደሚያበቃ። ጣቷን ሁለተኛው ቢጫ ላይ አደረገች።

«ከዚህ በታች ያለው ነው?»

«አዎ።»

«ይሄን ያወቃችሁት አሁን፣ ፓምፑ ሲቃጠል ነው?»

«አይደለም። ገና ሲቆፈር ነው።»

እናቷ በምረቃው ቀን ጀሪካኗን ይዛ ስታልፍ እሷ ራሷ የት እንደነበረች የምታሰላ መሰለኝ። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም» አልኳት።